ሳይገድሉ ማሳነስ፦ ስለ ሰፈራችን ድመቶች



የአዲስ ቅዳም ነዋሪዎች ሆይ፣ የዛሬው ንግግሬ ስለ ድመት ነው። የማዳበሪያው ዋጋ እንዲህ ከብዶ፣ ለከሰል የምንተክለው የዲከረንስ ዛፍ በበሽታ እየደረቀ የከሰሉ ገበያ ተጨንቆ ሳለ፣ ስለ ድመት መሰብሰብ ምን ይባላል የሚል እዚህ ውስጥ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ጉዳዩ ከጎተራችን፣ ከልጆቻችን ጤና፣ ከዚያም አልፎ ከራሳችን ጠባይ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ስላመንሁ ነው የመረጥሁት። በየሰፈሩ ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ሲበዙ ሰው ይማረራል። የተማረረ ሰው ደግሞ ፈጥኖ የሚያስበው መርዝን ነው። ከመርዝ የተሻለ መንገድ አለ፤ እሱን ላስረዳችሁ ነው የቆምሁት።

ድመቶቹ የት እንዳሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከሥጋ ቤቶቹ ጓሮ፣ በባሕር ዳሩ አውራ ጎዳና ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤት፣ ከእህል ነጋዴው መጋዘን ሥር አይጠፉም። ገበያ ሲበተን በተረፈው ላይ ይሰማራሉ። ሌሊት ጣራ ላይ ሲጣሉ ሕፃን ያስነሣሉ፤ ጫጩት ይነጥቃሉ፤ ክዳኑ ያልጠበቀ ድስት ይከፍታሉ። ይህን አልክድም። ለአንዲት እናት ስድስት ጫጩት ማጣት ማለት የልጅ ደብተርና የዘይት ገንዘብ ማጣት ማለት ነው።

ግን ከየት መጡ? የእያንዳንዷን የመንገድ ድመት የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ብንቆጥር፣ ብዙ ሳንርቅ ከአንዳችን ቤት ደጃፍ እንደርሳለን። አይጥ እንድትይዝልን አንዲት ሴት ድመት እናመጣለን። ትወልዳለች። ከግልገሎቹ አንዱን ለራሳችን እናስቀራለን፣ አንዱን ለጎረቤት እንሰጣለን፤ የቀሩትን በጆንያ ቋጥሮ ገበያው ጥግ ወይም ወንዝ ዳር ጥሎ የሚመለስ ሰው አለ። ከተጣሉት መካከል ዕድል የቀናው ይተርፋል፣ ያድጋል፣ ይወልዳል። የእሱ ልጆች የሰው እጅ ነክቷቸው አያውቅም፤ ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ፣ ሲያዙ ይቧጭራሉ። እኛም «የዱር ድመት መንደር ገባ» እንላለን። የገባ የለም፤ ከእኛው የወጣ ነው።

የድመትና የሰው ትውውቅ ራሱ በእህል የተጀመረ ነው። በ2007 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር የታተመ የዘረ መል ጥናት እንዳሳየው፣ የዓለም የቤት ድመት ሁሉ ወላጁ በቅርብ ምሥራቅ የነበረው የዱር ድመት ነው። ያ የዱር ድመት የዛሬ ዐሥር ሺህ ዓመት ገደማ ገበሬው ወዳከማቸው እህል፣ ማለትም ወደ አይጡ ተጠግቶ መጣ። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያስቆጠረ የሰው መቃብር ሲቆፈር አጠገቡ ድመት ተቀብራ ተገኝታለች። የዚያው ዝርያ ወገን የሆነው የአፍሪካ የዱር ድመት በአገራችን ዛሬም ይኖራል። እንግዲህ ድመት ወደ ሰው የመጣችው ሰው እህል ስላከማቸ ነው፤ አዲስ ቅዳም ገብስና ጤፍ እስካከማቸች ድረስ ድመት ትመጣለች። ስለዚህ ጥያቄው ድመት ይኑር አይኑር የሚል ሊሆን አይችልም። ስንት ይሁኑ፣ በምን ሁኔታ ይኑሩ፣ የሚለው ነው በእጃችን ያለው።

ወደ ቁጥሩ ልግባ። አንዲት ሴት ድመት በአምስት ወይም በስድስት ወሯ መፅነስ ትችላለች፤ ማለትም እኛ ገና ግልገል የምንላት እሷ እናት ልትሆን ነው። እርግዝናዋ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። በአንድ ጊዜ አራት ያህል ትወልዳለች፤ በዓመት ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። የድመትን የመፅነሻ ወቅት የሚወስነው የቀኑ ብርሃን ርዝመት ነው። አውሮጳ ውስጥ ክረምት ቀኑ ሲያጥር ድመቶች ለወራት ያርፋሉ። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፤ የቀናችን ርዝመት ከወር ወር ብዙ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ የእኛዋ ድመት ዓመቱን በሙሉ ልትፀንስ ትችላለች።

ታዲያ አገሩ በድመት ለምን አልተጥለቀለቀም? ግልገሎቹ ስለሚሞቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሰሜን ካሮላይና ባለቤት የሌላቸውን ድመቶች የተከታተሉ ተመራማሪዎች ከአራት ግልገል ሦስቱ ስድስት ወር ሳይሞላው እንደሞተ ወይም እንደጠፋ ጽፈዋል። የአዊ ክረምት ምን ያህል ረጅምና ብርዳም እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። እዚህ በቦይ ውስጥ የተወለደ ግልገል ምን እንደሚገጥመው አስቡት። በየዓመቱ በብርድ፣ በራብ፣ በመኪና ጎማና በውሻ ጥርስ የሚያልቀው ከመጀመሪያውም ባይወለድ ይሻል ነበር። እኔ የምለው ይህንኑ ነው፤ የተወለደውን ከምንገድል መወለዱን እንቀንስ።

ስለ መርዝ ልናገርና አንዳንዱ ቃሌ ቢከብዳችሁ ታገሡኝ። በየከተሞቻችን ባለቤት አልባ ውሾችን ለማጥፋት ሲያገለግል የኖረው ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ ነው፤ በሥጋ ተለውሶ ይጣላል። ስትሪክኒን ሲገድል አያደነዝዝም። የበላው እንስሳ ራሱን እያወቀ ጡንቻው ሁሉ ይኮማተራል፣ ይወራጫል፣ በመጨረሻ መተንፈስ አቅቶት ይሞታል። ለአይጥ የሚሸጠው ጥቁር ዱቄት፣ ዚንክ ፎስፋይድ፣ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ መርዛም ጋዝ ይሆናል፤ ማርከሻ የለውም። ሥጋው ደግሞ የተጣለለትን ብቻ መርጦ አይጠብቅም። የጎረቤት ጠባቂ ውሻ ይበላዋል፤ ዶሮ ትጭረዋለች፤ ጥንብ አንሳ ከሬሳው ላይ ይወርድበታል። ጥንብ አንሳ በአፍሪካ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠፋ ያለው በአብዛኛው በመርዝ ነው፤ እሱ ከጠፋ የሞተ ከብት የሚያጸዳልን ማን ነው? ከሁሉ በላይ ሁሉን ወደ አፉ የሚያደርስ ሕፃን በየደጃፉ አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ይህ ሁሉ ጉዳት ተችሎ እንኳ መርዙ ሥራውን አይሠራም። ድመቶቹን ያመጣቸው ምግብና መጠለያ ነው። አሥር ድመት ገድለን የሥጋ ቤቱን ትራፊና የመጋዘኑን አይጥ እንዳለ ከተውነው፣ ከሚቀጥለው ሰፈር ሌሎች ይመጣሉ፤ የተረፉትም ምግቡ ስለሚተርፋቸው ግልገሎቻቸው በርክተው ያድጋሉ። ከምንጭ ሥር ቆሞ ውሃ እየጨለፉ ምንጩን አደርቃለሁ ማለት ነው። በአውስትራሊያ ታስማኒያ ጫካ ውስጥ ድመቶችን በማጥመድ ለመቀነስ ተሞክሮ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ሲቆጥሩ በነዚያ ቦታዎች ድመቱ ጨምሮ አገኙት፤ ከዙሪያው አዳዲሶች ሳይገቡ እንዳልቀሩ ገመቱ። ድመት ጨርሶ ጠፋ ብንል ደግሞ አይጡ አለ። በመሀል ኢትዮጵያ በበቆሎ ማሳ ላይ በተደረገ ጥናት አይጥ ያጠፋው ምርት ሩብ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ጎተራ ውስጥ የሚያደርሰውን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

በጆንያ ቋጥሮ ራቅ አድርጎ መጣልስ? አንዳንዱ ሰው መግደል ስለሚከብደው ይህን እንደ ርኅራኄ ይቆጥረዋል፤ አሳቡ መልካም እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ዘንገና ሐይቅ ዳር ባለው ጫካ የተጣለ የቤት ድመት ወይ በራብ ይሞታል፣ ወይ ወፉንና ትንንሹን እንስሳ እየፈጀ ይኖራል። ጫካውንም ድመቱንም ነው የበደልነው።

ይህ አካባቢ ለእንስሳ ውለታ መክፈልን ከማንም መማር አያስፈልገውም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚሰበሰበው በዓድዋና በኋላም በጠላት ወረራ ዘመን ከአርበኛው ጋር የዘመተውን ፈረስ ጭምር ለማሰብ ነው። ፈረስን ባለ ውለታዬ ብሎ ማኅበር የቆመለት ሕዝብ ስንት ነው በዓለም ላይ? ድመት ዓድዋ አልዘመተችም፤ ግን ጎተራችንን ጠብቃለች። በእስልምናም ድመትን አስራ ሳታበላት፣ ለራሷም እንድትፈልግ ሳትለቃት የገደለች ሴት እንደተቀጣች የሚነገረውን ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያውቁታል። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም ቢሆን እንስሳን ማሰቃየትን በደንብ መተላለፍ ክፍሉ ያስቀጣል። ሃይማኖቱም ሕጉም የሰፈሩም ታሪክ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ።

አሁን ወደ በሽታው ልምጣ፤ ብዙ እናቶች ድመትን የሚፈሩት ስለዚህ ነውና ጊዜ ልስጠው።

የእብድ ውሻ በሽታ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በታሪክ ከተመዘገቡት ትልልቅ ወረርሽኞች የመጀመሪያው በ1884 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ትግራይን፣ ቤጌምድርን፣ ወሎንና የእኛኑ ጎጃምን ያዳረሰው ነው። ዛሬም በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። አብዛኛውን የሚያስተላልፈው ውሻ ነው፤ ድመትም በእብድ ውሻ ተነክሳ ልትታመምና ልታስተላልፍ ትችላለች። የድመት ጥርስ ቀጭን ነው፤ ቁስሉ ከላይ ትንሽ፣ ከውስጥ ግን ጥልቅ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰው «ጭረት ነው» ብሎ ይንቀዋል። አይናቅ። ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ሙሉ ማጠብ፤ ከዚያ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ። ጸበሉም ጸሎቱም ከክትባቱ ጋር ይሁን፤ ክትባቱን ግን አያስቀር፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ሐኪም የሚያድነው የለምና። የነከሰችው ድመት ደግሞ ወዲያው አትገደል፤ ይዞ ማቆየት ከተቻለ ለዐሥር ቀን ተዘግታ ትታይ። በዐሥር ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነች ስትነክስ በሽታውን አላስተላለፈችም። በመርዝ የምንጨርሰው ድመትና ውሻ ምናልባት የተከተበው ሊሆን እንደሚችልም አስቡ፤ የተከተበ እንስሳ በሰፈር መኖሩ ለበሽታው አጥር ነው።

ሁለተኛው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ነው፤ እርጉዝ ሴት ከያዛት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። በአዲስ አበባ 48 ድመቶች ተመርምረው በ2013 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በወጣው ጥናት፣ ከአምስቱ ከአራቱ በላይ በሕይወታቸው ተሐዋሲው ነክቷቸው እንደነበር ታውቋል። ይህን ሰምታችሁ አትደንግጡ፤ የነካው ድመት ሁሉ ሁልጊዜ ያስተላልፋል ማለት አይደለም። ድመት የተሐዋሲውን እንቁላል በኩሱ የሚያወጣው በአብዛኛው በወጣትነቱ፣ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ኩሱም ዕለቱን ከተጠረገ አያስተላልፍም፤ እንቁላሉ ለመብሰል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋልና። አፈር ውስጥ ከቀረ ግን ከዓመት በላይ ይቆያል። ስለዚህ እርጉዝ እኅቶቻችን የድመት ኩስ አይጥረጉ፤ የጓሮ አፈር ነክተው እጃቸውን ይታጠቡ፤ ሰላጣና ጎመን በደንብ ይታጠብ። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፤ ይኸው በሽታ በጥሬ ሥጋም ይተላለፋል። ድመቷን ከቤት አባርራ ክትፎ በጥሬው የምትበላ እርጉዝ ራሷን አልጠበቀችም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከቆሻሻው እንጀምር፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነውና። ሥጋ ቤቶቻችንና ምግብ ቤቶቻችን ትራፊውን ክዳን ባለው በርሜል ያኑሩ፤ ማታ ማታ ይቀበር ወይም ይወሰድ። ምግብ ሲያንስ ድመቶቹ በየዓመቱ የሚያሳድጉት ግልገል ያንሳል፤ ውሻውም አብሮ ያንሳል። ጫጩት ያላችሁ ከሁለት ወር በታች ያለውን በሽቦ ወይም በቅርጫት አጥር ውስጥ አቆዩት፤ ከዚያ በኋላ ድመት ብዙ አትደፍረውም።

ዋናው ግን ማኮላሸት ነው። ወይፈን ማኮላሸት፣ ሙክት ማስቀጥቀጥ ለእናንተ አዲስ አይደለም፤ የእንስሳት ሐኪሞቻችንም እጅ የለመደው ሥራ ነው። የወንድ ድመት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ማደንዘዣ ግን የግድ ይፈልጋል። ያለ ማደንዘዣ እንሞክር የሚል ካለ እለምነዋለሁ፣ አይሆንም። የተኮላሸ ወንድ ይረጋጋል፤ የሌሊቱ ጠብና የሽንቱ ክርፋት ይቀንሳል፤ ብዙ ርቆ አይዞርም። ሴቷ ከበድ ትላለች፤ ሆዷ ተከፍቶ ነው ማህፀኗና እንቁላል ማፍሪያዋ የሚወጣው፤ የሠለጠነ እጅና ንጹሕ ክፍል ይፈልጋል። ለዚህ የወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢጠይቅ መልካም ይመስለኛል፤ ተማሪዎቹ በመምህራን እየተመሩ እጃቸውን ያፍታታሉ፣ እኛም አገልግሎት እናገኛለን። ቁጥር የሚቀንሰው በዋናነት በሴቶቹ ነው፤ አንድ ያልተኮላሸ ወንድ ብቻውን ብዙ ሴት ሊያስፀንስ ይችላልና።

ሰው የማታስጠጋ ድመትን ለመያዝ ከብረታ ብረት ሠራተኞቻችን ጋር ተማክሮ ስትገባ በሩ የሚዘጋ የሽቦ ሳጥን ማሠራት ይቻላል። ሥጋ ቤት የሚጣለው ሳንባ በቂ ማባበያ ነው። ከተያዘች በኋላ ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኑት፤ ሲጨልምባት ትረጋጋለች። ቀዶ ጥገናው ሲያልቅ፣ በዚያው ማደንዘዣ ውስጥ እያለች የእብድ ውሻ ክትባት ትወጋ፣ የግራ ጆሮዋም ጫፍ በጥቂቱ ይቆረጥ። ይህ ምልክት በብዙ አገር የታወቀ ነው፤ ያየው ሁሉ «ይህቺ ተኮላሽታለች፣ ተከትባለች» ብሎ ያልፋታል። ከዚያ ወደ ተያዘችበት ቦታ ትመለሳለች። ለምን ትመለሳለች የሚል ይኖራል፤ ቦታዋን ስለምትጠብቅ ነው። እሷ እዚያ ካለች አዲስ መጤ በቀላሉ አይገባም፤ እሷም አትወልድም፤ አይጡን ግን መያዟን አትተውም። ጣልያኖች በ1991 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ባወጡት ሕግ ባለቤት አልባ ድመቶችን መግደልን ከልክለው ማምከንን የመንግሥት ሥራ አድርገዋል። ሮም ከተማ ከድመቶቿ ጋር እየኖረች ነው።

የዚህን መንገድ ድካም አልደብቅም። ከሃያ ድመት ሦስቱን አኮላሽተን ብንተው ምንም አይለወጥም። ከሰፈሩ ድመት አብዛኛው፣ በተለይ ሴቶቹ፣ እስኪዳረሱ ድረስ መቀጠል አለበት፤ ውጤቱም የሚታየው በወር ሳይሆን በዓመታት ነው። አዲስ ግልገል የሚጥል ሰው እስካለም ድረስ ሥራው አያልቅም። በአገራችንም ከመግደል የተለየ መንገድ የሞከሩ ሰዎች አሉ። በባሌ ኤፍሬም ለገሠና ሃና ክፍሌ የውሾችን በጥይት መገደል ተቃውመው ቤት ለሌላቸው እንስሳት የሚቆም ማኅበር መሥርተዋል። ገንዘቡም ሰዉም ውስን ሆኖ ነው የጀመሩት።

ግልገሎቹን በተመለከተ ለወጣቶች አንድ ነገር ልንገር። ድመት ሰውን የምትለምደው ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ዕድሜዋ ነው። በዚያ ጊዜ በየቀኑ ታቅፋ፣ ተዳብሳ ያደገች ግልገል የቤት ድመት ትሆናለች፤ ካለፈ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ ከመጋዘን ሥር ግልገል ያገኘ ልጅ ዕድሜውን ይገምት። ዓይኑ ገና ካልተገለጠ እናቱ አጠገብ ይተወው፤ ምግብ ፍለጋ ሄዳ ነው። አምስት ሳምንት ገደማ ሆኖት እየበላ ከሆነ ወስዶ ማላመድና ለሚፈልግ ቤት መስጠት ይቻላል። የላም ወተት ሆዱን ያስቀምጠዋል፤ ውሃና የተፈጨ የበሰለ ሥጋ ይሻለዋል። ለቁንጫ ብላችሁ የከብት መዥገር የሚረጭበትን ዲያዚኖን ድመት ላይ አትርጩ፤ ይገድላታል። ለራስ ምታት የምንውጠው ፓራሲታሞልም እንዲሁ፤ ለእኛ መድኃኒት የሆነው ለድመት መርዝ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ እድሮቻችንን ነው የማስበው። እድር ለቀብር የተቋቋመ ነው፤ ነገር ግን የሰፈሩን ውሃና መንገድ ጉዳይ ሲይዝ ኖሯል፤ ይህን ቢጨምር አያንስበትም። እያንዳንዱ ባለ መጋዘንና ሥጋ ቤት ለአንድ ድመት ማደንዘዣና ክትባት ቢከፍል፣ ከዓመት ዓመት ለመርዝ ከሚያወጣው ያን ያህል የሚበልጥ አይመስለኝም። የጤና ኤክስቴንሽን እኅቶቻችን ቤት ለቤት ሲዞሩ «ድመታችሁ ሴት ናት? ወልዳለች?» ብለው አብረው ቢጠይቁ፣ በየሰፈሩ ስንት እንዳሉ እናውቃለን፤ ሳይቆጥሩ መጀመር ደግሞ ገንዘብ መበተን ነው።

ማኮላሸቱን ከቤት ድመት እንጀምር እላለሁ፤ ወጥመድ አይፈልግምና። የሰፈሩ የመጀመሪያ ቀን መቼ እንደሚሆን ከሐኪሞቹ ጋር ተነጋግራችሁ ስትወስኑ፣ ሥራቸው ቀላል ስለሆነ ለጅማሬ ወንዶቹን አስቀድሙ፣ ሴቶቹም ሳይዘገዩ ይከተሉ፤ ድመታችሁን ክዳን ባለው ቅርጫት ወይም ቀዳዳ ባለው ካርቶን አምጡት፤ በጆንያ ቋጥሮ ማምጣት ይብቃ። ከስድስት ወር በላይ የሆነው ድመት ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ማታ ምግብ አይቅመስ፤ ግልገል ከሆነ ግን የሚያስፈልገው የጥቂት ሰዓት ጾም ብቻ ነው። ውሃ ለሁለቱም አትከልክሉ።